የወልደሩፋኤል ግማሽ አንበሳ

ነጌሌ ውስጥ አንድ አንበሳ አሥር ዓመት ሙሉ እስከ ወገቡ ብቻ ተሠርቶ፣ ጆንያ ተከናንቦ፣ ከእኔ ሱቅ ጓሮ ባለችው ክፍል ቆሞ ኖሯል። አራት እግርና ሆድ፣ በቃ። ጭንቅላት የለው፣ ጎፈር የለው። የአንበሳው ባለቤት ወልደሩፋኤል የሚባል የመንዝ ሰው ነው። ስለ እሱ ከተማው የሚያወራው ግማሹ ውሸት ነው። እኔ ሀጂራ ግን ጎረቤቱ ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእኔ ስሙ።

የመጣው አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንድ ፊታውራሪ እዚህ አዲስ ቤት ሠርተው፣ ሳሎናቸው ላይ የአንበሳ ስጋጃ ካልተነጠፈ እንቅልፍ አልወስድ አላቸው። ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስጠሩ። ወልደሩፋኤል የስጋጃ መሥሪያ እንጨቱን በገመድ ጠፍሮ፣ እሱ ከላይ ተቀምጦ፣ በጭነት መኪና ከች አለ። እንጨቱ ረጅምና ጥቁር ስለነበር ሰፈርተኛው ሬሳ የመጣ መስሎት ለለቅሶ ተሰበሰበ። ቦጋለች፣ ጠጅ ቤት የነበራት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ወልደሩፋኤል ከላይ ሆኖ ባርኔጣውን አወለቀና «ማን ሞቶ ነው?» አለ። ሰው ሲያፍር እንዴት እንደሚናደድ ታውቃላችሁ፤ ለወራት ሰላም የሚለው አላገኘም።

ጸጉሩን፣ የበጉን ማለቴ ነው፣ በሦስት ከረጢት አሽጎ ይዞ መጥቷል። «ሲያልቅ ከዚሁ እገዛለሁ» ይላል። በማግስቱ በግ ሊያይ ገበያ ወጣ። የእኛን የቆላ በግ ታውቁታላችሁ፤ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ጸጉሩ ከእኔ ክንድ ጸጉር የማይበልጥ። ወልደሩፋኤል አንዱን ዳበሰ፣ ሌላውን ዳበሰ፣ ከዚያ በጎቹን ወደያዙት ሽማግሌ ዞረና «አባቴ፣ እነዚህን ማን ላጫቸው?» አለ።

ሽማግሌው ኦቦ ጉራቻ ነበሩ። ከብት እንጂ በግ ቁም ነገር የማይመስላቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን ቦረና። በጎቹም የዘመድ ናቸው። በመጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው በትራቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ ደግሞ ተቀምጠው ሳቁ። ይቺን ነገር ከዚህ እስከ ዱብሉቅ ባለው ጉድጓድ ሁሉ፣ ከብት ሲያጠጡ፣ እየነገሩ ሄዱ። አማራው የበጎቻችንን ጸጉር ላጭ ይፈልጋል እያሉ። ወዳጅነታቸው የተጀመረው ያን ቀን ነው፤ ኦቦ ጉራቻ ከተማ በመጡ ቁጥር የሳቃቸውን ባለቤት ሳያዩ አይመለሱም።

ወልደሩፋኤል ሥራ ጀመረ። እኔ እያየሁት ነው የሠራው፤ ምክንያቱም የጓሮዬ በር ከበሩ ትይዩ ነው፣ ዐይኔን የት ላድርገው። ድሩን ከላይ እስከ ታች ወጥሮ፣ ከታች ይጀምራል። ቋጠሮ ያስራል፣ በቢላ ቆርጥ ያደርጋል፣ ማጉን ያሳልፋል፣ በብረት ማበጠሪያ ዱብ ዱብ ያደርገዋል። ቀኑን ሙሉ ዱብ ዱብ። ሱቄ ውስጥ ስኳር የምመዝንበት ሚዛን ይንቀጠቀጣል። ግድግዳውን ብደበድብም «እግሩ ላይ ነኝ፣ ታገሺ» ይለኛል።

የስጋጃን ነገር ከጠየቃችሁት ደግሞ ሱቅ ለመዝጋት ተዘጋጁ። በእሱ አገር፣ በመንዝ፣ ሴቱ ይፈትላል ወንዱ ይሸምናል። የሚሸመነው ዝተት የሚሉት ወፍራም የበግ ጸጉር ልብስ ነው፤ ጠባብ ጠባቡን ሠርተው ጎን ለጎን ይሰፉታል። ቀለም የሚባል የለም። በጉ ጥቁር ከሆነ ጥቁር፣ ነጭ ከሆነ ነጭ፣ ቡላ ከሆነ ቡላ፤ መስመር በመስመር። ሥዕል የሚባል ነገር አያቶቹ አያውቁም። «ብርድ የሚያስፈራው ሰው ሥዕል ምን ያደርግለታል» ይላል። ሥዕሉን የተማረው አዲስ አበባ ገብቶ፣ ቋጠሮ የሚያስተምር አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተቀጥሮ ነው። እዚያ አንበሳ፣ መስቀል፣ ጣዎስ ይሠራል። ወልደሩፋኤል ለአንበሳ ተመደበ። ሌላ አልተማረም። አንበሳውን ግን ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከጥፍሩ እስከ ዘውዱ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ያውቀዋል።

«እኛ ዘንድ ስጋጃ ሰው አምላኩን የሚለምንበት ነው። አንበሳ ላይ ማን ይሰግዳል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ፊታውራሪው መች ሊሰግዱ ነው፣ ሊረግጡት ነው እንጂ» አለኝ።

ኦቦ ጉራቻ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጡበታል። የቦረና ሴት በሥራሥር ክር የሸመነችውን የወተት ዕቃ ከትከሻቸው ያወርዱና «ይሄን የሠራችው ሚስቴ ናት። ወተት ይይዛል፣ ጠብ አይልም። ያንተ ወተት ይይዛል?» ይሉታል። ወልደሩፋኤል «ወተት እንዲይዝ አልተሠራም» ይላል። «እንግዲያ ምን ይይዛል?» ይላሉ። ወልደሩፋኤል ወደ ቋጠሮው ይመለሳል። ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ።

አንበሳው ወገቡ ላይ ሲደርስ አብዮት ፈነዳ። ፊታውራሪው አንድ ጠዋት በመኪናቸው ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። ስለ ስጋጃው ቃል አልተነፈሱም። አንበሳ ደግሞ የዘውድ ነው ተባለ፤ ሰው ከግድግዳው ላይ አንበሳ የሚል ነገር እየላጠ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ጀመረ። ወልደሩፋኤል ምን አደረገ? ጆንያ አለበሰው።

«ቁረጠውና ሌላ ጀምር እንጂ» አልኩት።

«ያላለቀ ስጋጃ አይቆረጥም» አለኝ። አስተማሪው እንደዚያ ብለው አሳድገውታል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ጸጉሩ ሁሉ እዚያ ላይ አልቋል፤ ቢቆርጠው ምን ሊጀምር ነው? በዚያ ላይ መንዜ ነው። መንዜ አንዴ አልልም ካለ ወላሂ በቅሎም ትሻላለች።

እንጨቱን ግማሽ አንበሳ ይዞታልና ምንም መሸመን አይችልም። ፍራሽ እየመታ፣ ጆንያ እየሰፋ ኖረ። እኔም በየዓመቱ እረመዳን ሲገባ በግድግዳው «ጋሼ ወልዴ፣ አንበሳው ተወለደ ወይ?» እለዋለሁ። «በእግሩ እየመጣ ነው፣ ምጡ ጠንቶብን ነው» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን አረጀን።

በ1976 ክረምት ነው ነገሩ የተበላሸው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከተማው ሊያብድ ደርሷል። የበዓሉ ኮሚቴ ኃላፊ ጓድ ኃይለመስቀል ነበር፤ የሰሜን ሰው፣ መምህር የነበረ፣ ሲሄድ የሚሮጥ የሚመስል። ክፉ ሰው ነው አልልም። ብቻ አንድ ነገር ካየ ወዲያው ሌላ ነገር ሊያደርገው ይፈልጋል። ጋራዡን አዳራሽ አደረገው፣ አዳራሹን መጋዘን አደረገው። አንድ ቀን የወልደሩፋኤልን ክፍል ከፍቶ ገባና ጆንያውን ገለጠ። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ጨው ልበደር የመጣሁ መስዬ።

«ጓድ ወልደሩፋኤል፣ ይኼ ምንድነው?»

«እግር ነው።»

«የምን እግር?»

«ገና አልለየለትም።»

ኃይለመስቀል ጥፍሮቹን አየ። አንደኛው የፊት እግር ባንዲራ ሊይዝ ወደ ላይ ተነሥቷል። ሞኝ አይደለም፣ ገብቶታል። ግን አልጮኸም። ተቀመጠና እንዲህ አለ፤ መሠረተ ትምህርት የሚማሩት አሮጊቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው ሀ ሁ የሚሉት፤ ይህን የመሰለ እንጨት ደግሞ እዚህ አሥር ዓመት ቆሟል፤ ሰባት ስምንት አግዳሚ ወንበር ይወጣዋል። «ለበዓሉ ለእንግዶቹ መግቢያ የሚነጠፍ ስጋጃ ከሠራህ፣ እንጨቱ ያንተ ነው፣ ክፍሉም ያንተ። አንበሳ ከሆነ ግን፣ ወይ ካልደረሰ፣ በማግስቱ አናጢ ይመጣል።»

እሱ ከወጣ በኋላ ወልደሩፋኤል እንጨቱን ያሻሽ ጀመር። ሰው የታመመ በሬ ጀርባ እንደሚያሸው። ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። ይኼ ሰው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ያለው እንጨት ነው፤ እሱን ለአግዳሚ ከቆረጡበት ፍራሽ እየመታ ይሞታል። አዘንኩለት። እንዳያይብኝ ብዬ «አለቀስክ እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ ሸንጎ ሆነ። አራት እግርና አንድ ሆድ አለን፤ ከላይ ምን ይደረግበት? ቦጋለች ፈረስ አለች። ኃይለመስቀል ተጠይቆ ፈረስ የባላባት ነው አለ። አንዱ ግመል አለ፤ እግሩ አጠረ። አንዱ አህያ አለ፤ እንግዶቹ አህያ ላይ ሲራመዱ ታያችሁ? ደግሞ የጭራው ጣጣ አለ። ወልደሩፋኤል የታችኛውን ክፍል ሲሠራ ጭራ አላስገባበትም፤ የአንበሳ ጭራ ወደ ላይ ነዋ። እንግዲህ የምንፈልገው ጭራው ወደ ላይ የቆመ፣ አንድ የፊት እግሩን ያነሣ፣ ዘውድም ባላባትም የማያውቀው እንስሳ ነው። ያ ረቢ፣ ከየት ይመጣል?

ኦቦ ጉራቻ የመጡት በዚህ መካከል ነው። ያ ዓመት ድርቅ ነበር። ሰውዬው የጎን አጥንታቸው በቡልኮው ውስጥ ይታያል። «አካም» አልናቸው፣ «ናጋ» አሉ፤ ደኅና ግን አይመስሉም። ያን ቀን አልሳቁም። ግማሹን አውሬ ፊት ለፊት ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ላም ናት» አሉ።

«ኦቦ ጉራቻ፣ ጭራዋስ? ታች ቦታ የለኝም» አለ ወልደሩፋኤል።

«ጭራዋማ ላይ ነው። እግሯንም አንሥታለች። ውኃ የሸተታት ላም ናት።»

ከዚያ አስረዱን። በበጋ ከብት በየቀኑ አይጠጣም፤ ቀን አለው፣ ተራ አለው። ተራዋ የደረሰ ላም ጉድጓዱ ሳይታያት ከሩቅ ይሸታታል። ቆም ትላለች፣ እግሯን ታነሣለች፣ ጭራዋ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚይዛት የለም። ይህን ሲሉ ሽማግሌው እጃቸውን እንደዚያ እግር አንሥተው ነበር።

ወልደሩፋኤል እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። ጎፈሩ ሻኛ ይሆናል ማለት ነው። ባንዲራ የሚይዘው እግር ውኃ የሸተተው እግር ይሆናል ማለት ነው። በዚያው ቀን ጥፍሮቹን አንድ በአንድ በመርፌ እየነቀለ በሰኮና መተካት ጀመረ።

ጸጉር ከየት? ቦሬ ብርድ አገር ነው፣ በጉ ለብሷል። እኔ ለቅቤ ስወጣ ነጭና ጥቁር ጸጉር በጆንያ ይዤ ወረድኩ፤ መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እስከ ነጌሌ አስነጠሰ። ኦቦ ጉራቻ ነጩንና ጥቁሩን አንድ ላይ አስፈተሉት። «ግራጫ ነች» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከክፍሉ አልወጣም አሉ። ሻኛዋ ዝቅ ይበል። ጆሮዋ ጫፉ የተሰነጠቀ ነው። ግራ ቀንዷ ወደ ዐይኗ ያዘነበለ ነው። ወልደሩፋኤል «አንበሳ ቢሆን እንዲህ አያስቸግረኝም ነበር» እያለ ይቋጥራል። እኔ ደግሞ ቀንድ ለማንኛዋም ላም ቀንድ ነው፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል እያልኩ ስስቅ ነበር።

በመጨረሻ ጠየቅኳቸው። «ኦቦ ጉራቻ፣ ይቺ ላም የማን ናት?»

«ዳሌቲ» አሉ። ስሟ ነው፣ ግራጫዋ ማለት ነው። የቀረውን የሰማሁት ከገበያ ነው፤ ከብቶቻቸውን ወደ ዱብሉቅ ሲነዱ አብዛኛው መንገድ ላይ አለቀ። ዳሌቲ ጉድጓዱ አጠገብ ደርሳለች። ሸትቷታል፣ ቆማለች፣ እግሯን አንሥታለች። በዚያው ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ስለ ቀንዱ አልሳቅኩም።

አንድ ነገር ብቻ እንቢ ብያለሁ። ባሌ ከሞያሌ ያመጣልኝ ሰማያዊ ሹራብ አለኝ። ሰማያዊ ማለት ዝም ብሎ ሰማያዊ እንዳይመስላችሁ። ወልደሩፋኤል ዐይኑን ጥሎበታል፤ ለዳር ዳሩ ጌጥ ሊተረትረው። «በነጌሌ ፀሐይ ሹራብ ምን ይሠራልሻል?» ይለኛል። «ሹራቤን የነካ ጉዱ ይፈላል» አልኩ። ዳር ዳሩን በፍየል ጸጉር ጨረሰው።

በዓሉ ደረሰ። ስጋጃው የተቆረጠው ዋዜማው ላይ ነው። አዳራሹ መግቢያ ላይ ተነጠፈ፣ ወደ እንግዶቹ ወንበር የሚወስደውን መንገድ ከግራ ቀኝ ትንሽ ሲቀረው ሞልቶ። ዳሌቲ እግሯን አንሥታ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ፣ አፍንጫዋን ወደ ፊት ዘርግታ ተኛች። ወልደሩፋኤል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ሥር ቆሟል። ኃይለመስቀል ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰውና «ይለሰልሳል» አለ። ትልቁ እንግዳ ከክፍለ ሀገር መጥተዋል፣ ውጪ ማርሽ ይሰማሉ። የአገር ሽማግሌዎች ቀድመው ገብተው ይቀመጡ ተባለ።

ኦቦ ጉራቻ ከፊት ነበሩ። ስጋጃው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች በትከሻቸው ላይ አሻግረው አዩ። ኦቦ ጉራቻ ወደ ግራ ታጥፈው፣ ጀርባቸውን ከግድግዳው አስጠግተው፣ በጎን በጎን እየተራመዱ አለፉ። ቀጣዩም እንደዚያው። ሁሉም። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሽማግሌ ግድግዳ እየላሰ ወንበሩ ደረሰ።

ኃይለመስቀል ሮጠ። «አባቶች፣ ስጋጃ ነው እኮ፣ ይረገጣል።»

«ላም ናት። የሰው ላም አንረግጥም» አሉት።

ወልደሩፋኤል አመድ መሰለ። እንጨቱ ሲቆረጥ የታየው ይመስለኛል። ማርሹ አበቃ፣ ትልቁ እንግዳ በዚያ የሚያበራ ቡት ጫማ በሩ ላይ ደረሱ፣ ከኋላቸው ሰልፍ ሙሉ ሹም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ። የሚያዩት እንግዳውን አይደለም፣ ጫማቸውን ነው። እንግዳው የሚከተሉት ጓድ ኃይለመስቀልን ነው፤ እሱ ይመራቸዋል። ኃይለመስቀል ስጋጃውን አየ፣ ኦቦ ጉራቻን አየ። ከዚያ እንደ ሥርዓት እጁን ወደ ግራ ዘርግቶ «በዚህ በኩል ጓድ» አለና ግድግዳውን ታክኮ በጎን ሄደ። እንግዳው ግራ ገባቸው፣ ግን ተከተሉት። ሹሙ ሁሉ ሆዱን እየሰበሰበ በግድግዳው ተሰለፈ። እኔ ሻሼን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ዐይኔ እስኪያለቅስ ሳቅኩ። ቦጋለች ደግሞ አጠገቤ የእውነት ታለቅስ ነበር።

ንግግሩ ሁሉ አልቆ ሰው ሲወጣ ኃይለመስቀል መጣ። «ጓድ ወልደሩፋኤል» አለ ደክሞት፣ «እኔ የሚረገጥ ስጋጃ አዝዤ ነበር። ይኼን ማንም አልረገጠውም።»

«አልረገጠውም» አለ ወልደሩፋኤል።

«እንግዲህ ስለ እንጨቱ...»

ኦቦ ጉራቻ ግን አላስጨረሱትም። ስጋጃው አጠገብ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን አፍንጫዋ ላይ አድርገዋል። ቀና ብለው ወልደሩፋኤልን «ቢሻን ኤሳ?» አሉት። ውኃው የታል ማለት ነው። ደገሙት፣ አሁን በአማርኛ። «እዚህ ድረስ አመጣሃት። ሸተታት። ውኃው የታል?»

ወልደሩፋኤል አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ስጋጃ አንዴ ከተቆረጠ አንድ መስመር እንኳ እንደማይጨመርበት ቀስ ብሎ ነገራቸው።

«እንግዲያ ሌላ ሥራ» አሉት። «ፊቷ አስቀምጠው። እንደዚህ ቆማ አትቅር።»

ኃይለመስቀል ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። ጉሮሮውን ጠረገ። «አሮጊቶቹ ድንጋዩን ለምደውታል» አለ። «ለአግዳሚ ሌላ እንጨት እፈልጋለሁ። አንተ ሂድና ሥራ።» ይህን ብሎ እየሮጠ ሄደ።

ቤቴ ገባሁ። ሹራቤን አወለቅኩ። ባሌ ሳያየኝ የጫፉን ክር በጥርሴ ፈታሁና ግድግዳችን ላይ አይጥ በበላችው ቀዳዳ ወደ ወልደሩፋኤል አሳለፍኩለት። «ሳበው» አልኩት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ይስባል፣ እዚህ በኩል እጅጌዬ ይጠፋል። ይስባል፣ አንገቱ ይጠፋል። እያነባሁም እየተሳደብኩም ነበር። «ዳር ዳሩን ጌጥ ብታደርገው ውርድ ከራሴ» አልኩት በቀዳዳው። «ውኃ ነው። ጥልቅ አድርገው።»

ትንሽ ስጋጃ ናት የወጣችው፤ ገንዳ፣ ውስጡ ሰማያዊ፣ ሌላ ነገር የለባትም። አንበሳ ብቻ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደተጨነቀባት ዱብ ዱቡን የሰማሁት እኔ ነኝ። አዳራሹ ወስደን ከዳሌቲ አፍንጫ ሥር አነጠፍናት። ኦቦ ጉራቻ መጡ። ቆመው አዩ። እኔ እንደ ልማዴ የሆነ ነገር ልል አፌን ከፍቼ ነበር፣ ወልደሩፋኤል ክንዴን ያዘኝ።

«ዱግዴ» አሉ ሽማግሌው። ጠጣች ማለታቸው ነው። ከዚያ ወተት ዕቃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ለወልደሩፋኤል ሰጡት። ባዶ ነበር፤ ያን ዓመት ወተት የት ይገኛል። ወልደሩፋኤል ግን ተቀብሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ።